ሦስት ማንኪያ ስኳር

ጡረተኛ ሁሉ በሳምንት አንዴ ወደ መረጠው ያለፈ ቀኑ እንዲመለስ ከተፈቀደ ወዲህ አቶ ኪሩቤል እሑድን መጥላት ጀምረዋል።

በዚያ የጥቅምት እሑድም ባለቤታቸው ወይዘሮ ፌቨን ሐዋሳ ሐይቅን በሚያየው በረንዳ ላይ ወዳለፈ ቀን የሚመልሰውን ማሰሪያ ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፈገግ ብለዋል። ለባላቸው እንዲህ ፈገግ ካሉ ስንት ዘመናቸው!

ወይዘሮ ፌቨን ሲመለሱ ሻይ አፍልተው አቀረቡ። አቶ ኪሩቤል ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ስኳር አለው።»

«ውይ! ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት።»

አቶ ኪሩቤልን ሐኪም ስኳር ከከለከላቸው ዓመታት አልፈዋል።

«ማነው እሱ? እዚያ ሻይ የምታፈይለት ሰውዬ?»

ወይዘሮዋ ሳቁ። «አንተው ነሃ፣ ጅሉ! የተጋባን ሰሞን፣ በኪራይ ቤታችን። ሻይህን ጨርሰህ ታች የቀረውን ስኳር በጣትህ ስትልስ።»

ቅናታቸው ባሰ እንጂ አልበረደም። ሌላ ወንድ ቢሆን ይጣሉት ነበር። ይሄኛውን ምን ያድርጉት? ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሚስቱን ያስቃል፤ ስኳር አይጎዳውም።

«ምን እያለ ነው የሚያስቅሽ?»

«ስናረጅ ሐይቅ ዳር ቤት እሠራልሻለሁ አለኝ።»

አቶ ኪሩቤል ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠውን የሚስታቸውን ወንበር አዩ።

«እሱ አወራ እንጂ የሠራሁት እኔ ነኝ!»

አቶ ኪሩቤል ሻዩን አንስተው ጨለጡት፤ ከዚያም ሚስታቸውን እያዩ ጣታቸውን ወደ ብርጭቆው ሰደዱ።