ከሁለተኛው ረድፍ የመጣ ሳቅ

ባለቤቴ ኮፍያውን አጠለቀ። መድረኩ ላይ ሽማግሌው ነጋዴ አልጋ ላይ ተጋድሞ ያጣጥራል፤ የእኔው ሽማግሌ ደግሞ ሊሄድ ተነሥቷል።

በኮቱ ጫፍ ጎትቼ አስቀመጥሁት።

«አውቶቡሱ ውስጥ እጠብቃችኋለሁ» አለ። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል፤ ሦስት ረድፍ ሰማው።

ሁለታችንም ዕድሜያችንን የጨረስነው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ድምፅ ስለሚውጥ ሰው የሚያወራው በከንፈር ነበር፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ አፉን ሰፋ አድርጎ። ወሬን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚያደርሰው እሱ ስለነበር «ሬዲዮ» አልነው። ያው ጩኸት ጆሮውን በላውና ሬዲዮው ተዘጋ። ከእኔ ጋር ዛሬም በከንፈር እንግባባለን፤ ሌላው ሰው ግን ፊቱን እያዞረ ስለሚያወራ አይያዝለትም። ጎረቤት አይሄድ፣ ሰርግ አይሄድ። «ሰው ስቆ ሲያበቃ ምን አሳቃችሁ እያልሁ ከምለምን ቤቴ ይሻለኛል» ይላል።

የፋብሪካው ጡረተኞች ማኅበራችን ወደ ትልቁ ከተማ የቲያትር ጉዞ ሲያዘጋጅ እየጎተትሁ ነው ያመጣሁት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ቲያትር፦ ዛሬ ከተማውን ሁሉ ያስለቀሰው፣ ነገ የጭፈራው፣ ከነገ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ አዳራሽ ሞልቶ የሚታየው ኮሜዲ። ዛሬ ከዚህ ወንበር ከተነሣ ነገ ከአልጋውም እንደማይነሣልኝ አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እሱ ቤት፣ እኔ ለብቻዬ ደጅ፤ እንዲሁ ልናልቅ ነው።

«እስኪሞት ጠብቅ» አልሁት በከንፈሬ። «በሰው ሞት መሀል አይወጣም።»

እጁን አጣጥፎ፣ እንደተቀጣ ልጅ ወደ መድረኩ አፈጠጠ። ዘግይተን ስለደረስን ከማኅበሩ የመጣነውን ስምንታችንንም ያስቀመጡን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ተዋንያኑ አፍንጫችን ሥር ናቸው።

ሃያ ዓመት ጠፍቶ የከረመው ልጅ ሮጦ ገባ፤ አባቱ ደረት ላይ ተደፋ። «ማረኝ አባዬ» አለ። አባትየው «ምሬሃለሁ» አለና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሞተ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጅየው ግን አልተነሣም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እንደተደፋ ቀረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «አንጀቴን በላው» ስትል ሰማሁ።

ባለቤቴ ሳቀ።

ፈገግታ አይደለም ልጆቼ፤ ያ ስንት ዓመት ያልሰማሁት፣ ከሆዱ የሚነሣው ሳቁ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው የፋብሪካው ሰዓት ተቆጣጣሪ የነበረችው ጓደኛችን በክርኗ ጎሸመችው። «ጋሽ ሬዲዮ፣ ኧረ በሞተ ሰው!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጆሮው እንጂ ልቦናውም የሄደ አልመሰለኝም ነበር።

እሱ ወደ እኔ ዞረና፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ «እጅጌውን ሚስማር ይዞታል» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም የልጅየው እጅጌ የአልጋው ጣውላ ላይ ተይዟል፤ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ሲጎትት ነው። ሁለቱም ፊታቸው ወደ እኛ እንደዞረ ከንፈራቸውን በጭንቅ እያንቀሳቀሱ ይነጋገራሉ። ባለቤቴ ደግሞ ከሥር ከሥሩ ያቀብለኛል።

«ሟቹ ‹ተነሣ፣ ደረቴን ደፈጠጥኸው› ይላል።»

«ልጅየውስ?»

«‹አልላቀቅ አለኝ፤ አንተ ከታች ፍታው› ይላል። ሟቹ ‹እንዴት አድርጌ? ሞቻለሁ እኮ› አለው።»

ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ከንፈራችንን አይታ ነበር። እሷ ለጎኗ አቀበለች፣ ጎኗ ለጎኑ፤ ወሬው እንደ ድሮው ከማሽን ማሽን እስከ ረድፉ ጫፍ ደረሰ። አንዱ በኮፍያው፣ አንዷ በሻርፗ አፏን አፈነች። የስምንታችንም ትከሻ ሲርገፈገፍ ያቺ የኋላዬ ሴት ያለቀስን መሰላት፤ የቅድሙንም ሳቅ ሲቃ አድርጋ ሳትወስደው አልቀረችም። ራሷ እያነባች መሐረቧን አቀበለችኝ።

«አይዞዎት እናቴ» አለችኝ። «ቲያትር ነው።»

አመስግኜ አፌን አፈንሁበት።

በመጨረሻ እጅጌው ተቀደደ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

ለእረፍት ስንወጣ መተላለፊያው በሰው ጢም ብሎ፣ ሁሉም ስለሚያወራ ማንም ማንንም አይሰማም። ባለቤቴ አውቶቡሱ ወደቆመበት የሚያስወጣውን በር ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ አልፎ የቲኬት ሻጯ መስኮት ላይ ቆመ። የነገውን ቲኬታችንን አሳያት።

«ጥሩ ቦታ ነው አባባ፣ መሀል ላይ ነው» አለችው።

«ወደ ፊት አምጪን።»

«ፊት ያለው ወንበር አንገት ያሳምማል።»

«አንገቴ ደህና ነው የኔ ልጅ፤ የታመመው ጆሮዬ ነው» አላት። ቀጠለና ለእኔ፣ «ጨፋሪ ሲደክመው ምን ምን እንደሚል ማየት አለብን» አለኝ።

ያኔ የእኛ ሰዎች መጥተው ከበቡት። ጫፍ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ግማሹ አምልጧቸዋል፤ ከመጀመሪያው ንገረን አሉት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ክብ ሠርተን ጸጥ አልን፤ የሁላችንም ዓይን አንድ አፍ ላይ። አላፊው የምንጸልይ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዞሮን ያልፋል። ሬዲዮ ሟቹ ጋ ሲደርስ እጆቹን ደረቱ ላይ አነባበረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሞተ፤ ከንፈሩ ብቻ ማውራቱን ቀጠለ።