የመሪዋ ቃጭል

የሚታረዱትና ለበረዶው ወቅት የሚቆዩት የቤት አጋዘኖች በሚለዩበት ቀን፣ ማረት የመንጋውን መሪ አፍ ከፍታ መንጋጋዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። የአሮጊቷ አጋዘን ጥርሶች አልቀው ከድዷ እኩል ሆነዋል፤ ከበረዶ ሥር ሣር ቆፍራ ብታወጣ እንኳ አታኝክም።

«አንድ የበረዶ ወቅት ብንጨምርላት ምናለበት?» አለ ባሏ ኒላስ፣ የበረቱን አጥር ተደግፎ። «የኔም ጥርስ እኮ አልቋል፤ አላረድሽኝም።»

«አንተን ማን ይከተልሃል?»

አሮጊቷን ግን መንጋው በሙሉ ይከተላታል። በረዶ በሆነው ሐይቅ መሀል ጉልበቷ ቢከዳት፣ ሁሉም አብረዋት ቆመው ያልቃሉ።

«እንግዲያው ያቺን ቀበጥ እንረድ» አለ ኒላስ፣ አንዲት ወጣት አጋዘን በአገጩ እየጠቆመ። «በጋውን ሙሉ ተራራ ለተራራ ስታስሮጠኝ ከረመች።»

«አንተን ካደከመች በረዶውንም ትችለዋለች።»

ማረት ከአሮጊቷ አንገት ላይ የመሪነቱን ቃጭል ፈታች። ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ጠጉሩ አልቆ ቆዳው ይታያል። ቃጭሉን ለቀበጧ አሰረችላት። ቀበጧ ደንግጣ ስትፈናጠር ቃጭሉ ጮኸ፤ መንጋው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ድምፁ አመራ። አሮጊቷም እንደ ሌሎቹ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ማረት የአሮጊቷን ቀንድ ያዘች። «አንቺ ግን ከኔ ጋር ነሽ» አለቻትና ቢላዋዋን ከወገቧ መዘዘች።