ከበሩ እስከ ባንኮው

የትነበርሽ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ መሰላሉ ላይ ወጣች። የቫኪዩሙን ቱቦ ጣሪያው ላይ ካለው መንጠቆ ሰቀለች፤ የእንጨት ማለስለሻውን ገመድ ጠቅልላ አሰረች፤ ኤክስቴንሽኑን በግድግዳው ጥግ አስኬደች። ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነው። ነገ ጠዋት ሁሉም ተመልሶ ወለሉ ላይ እንደሚጠብቃት ታውቃለች።

ከዛሪማ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነበር። አባቷ አያ አስናቀው ከፒያሳ ቁልቁል ባለው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ትከሻቸው ወለቀ ተብሎ ተደወለላት። የደወለው ዕንባቆም ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የሠራ አናጢ። ሲወድቁ አጠገባቸው የነበረውም እሱ ብቻ ነው።

ትከሻው ዳነ። አያ አስናቀው ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። እግራቸውን ከመሬት ሳያነሱ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ከሥራ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ አልጋ ብቻ በምትይዝ ጓዳ ያድራሉ። እሷ አዘዞ አክስቷ ቤት እያደረች ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ትመጣለች። ዕንባቆም ሁልጊዜ ይቀድማታል።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሰጋቱራው አባቷን ስለሚያስላቸው ማለስለሻው ብናኙን ከሚስበው ቫኪዩም ጋር ካልሆነ አይነሳም። ማለስለሻው ገመድ አለው፣ ቫኪዩሙ ገመድም ቱቦም አለው፣ መጋዙም የራሱን ይጎትታል። አንድ ሳንቃ ከወዲያ ወዲህ ለማምጣት ሦስት ጊዜ እግር ማንሳት ነው።

«ዕንባቆም፣ ምነው የሰቀልሁትን እያወረድህ እግር ላይ ትዘረጋዋለህ?» አለችው።

«አያ እንዲህ ነው የሚወዱት።»

«ሰው እንዲሰናከልበት?»

«እሳቸው አይሰናከሉም» ብሎ ወደ መላጊያው ዞረ።

ገመዱ ዝም ብሎ የተጣለም አልነበረም። ከጓዳው በር ተነስቶ እስከ መሥሪያው ባንኮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እንዳይንሸራተት በየመሃሉ በምስማር ተይዟል። ቱቦው ደግሞ ከባንኮው እስከ ሳንቃ መደርደሪያው ድረስ ነው። አባቷ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱበት መንገድ።

ሌላም ነገር ታያት ጀመር። ሜትሩና እርሳሱ አሁን የሚውሉት ዕንባቆም ኪስ ውስጥ ነው። ደንበኛ ሲገባ ዕንባቆም ቀድሞ በአባቷ ጆሮ ያንሾካሽካል። ወረቀት ሲመጣ የሚያነበው እሱ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ክንዳቸውን ይዞ የሚወስዳቸው እሱ ነው።

«ልጅ ሆነላቸው፣ እግዜር ይስጠው» አለች አክስቷ።

ለየትነበርሽ ግን አልተዋጠላትም። ልጃቸው እሷ ናት። ወራሻቸውም።

አንድ ቀን ብቻቸውን ስታገኛቸው ጠየቀቻቸው።

«አባየ፣ ያን ገመድ ከእግርዎ ሥር ምነው አያስነሱት?»

አያ አስናቀው የዋንዛውን ሳንቃ በመዳፋቸው እያሻሹ ነበር። ቀና አላሉም።

«ተይው ልጄ። ሸጋ ነው።»

«ደግመው ቢወድቁስ?»

«አልወድቅም። ዕንባቆም ያውቅበታል።»

ፈርተውታል ማለት ነው አለች በልቧ።

ረቡዕ ማታ፣ ሥራ ተፈትቶ አባቷ ወደ ክፍላቸው ከገቡ በኋላ፣ የወደቀችው እሷ ሆነች። ሳንቃ ታቅፋ ስትመለስ ገመዱ ጫማዋን ያዘው። በጉልበቷ አረፈች፤ ግራ እጇ ከሥሯ ተጣመመ። ዕንባቆም ሮጦ መጣ። ግን እሷን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከምስማሩ የተላቀቀውን ገመድ ቀጥ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰ።

አይታዋለች።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳላይህ» አለችው፣ ገና ከወለሉ ሳትነሳ።

ዕንባቆም ቀና አለ። ከጓዳው የአባቷ ሬዲዮ ይሰማል።

«ለአያ ነግረሻቸዋል?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ናቸው።»

አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ወደ ጓዳው በር አየና አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ቁልፉን፣ ሜትሩንና እርሳሱን አውጥቶ ባንኮው ላይ ደረደረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ብዙ ቀን ሸክም ይዞ የዋለ ሰው ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ገመዱን አታንሽው።»

«ውጣ!»

ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

የትነበርሽ ባልታመመው እጇ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባት። ቱቦውን ጣሪያው ላይ በሽቦ አሰረችው፤ ገመዶቹንም ሁሉ ሰብስባ ከላይ ጠፈረቻቸው። ስትጨርስ ወለሉን ጠረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሆነ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ እጇን እየጠመዘዛት አዘዞ እስክትደርስ፣ አባቷን አተረፍኩ እያለች ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከወትሮዋ ቀድማ መጣች። ዕንባቆምን ማስወጣቷን ራሷ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። በሩን ከፈተች። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ሞልቶታል።

አያ አስናቀው መሃል ወለሉ ላይ፣ ከባንኮው አራት እርምጃ ርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። አንድ እግራቸው ወለሉን ግራና ቀኝ ይዳስሳል። ሁለት እጆቻቸው ከፊታቸው ተዘርግተዋል።

የእግር ኮቴዋን ሰምተው ዞሩ። ፊታቸው ፈካ።

«ዕንባቆም፣ መጣህልኝ? ዛሬ ገመዱን ሳትዘረጋልኝ ቀረህሳ። በል ቶሎ እጄን ያዝና ባንኮው ጋ አድርሰኝ፤ የትነበርሽ ሳትደርስ።»