አራተኛው ደረጃ

ቀለም ቀቢው መሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆሞ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዞረ። ከመሰላል ወድቆ አንጎሉ ከተናወጠ ስድስተኛ ሳምንቱ ነበር። መጀመሪያ በክሊኒኩ ኮሪደር እየተራመደ፣ ቀጥሎ በርጩማ ላይ እየወጣ እየወረደ ነው እዚህ የደረሰው። "ራስህን ካዞረህ ወዲያው ውረድ፤ ጀግንነት አልፈልግም" አለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። ከታች መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ የያዘው፣ በወደቀበት ዕለት ስልክ ላንሳ ብሎ መሰላሉን የለቀቀበት የሥራ ባልደረባው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድም ልምምድ ቀርቶ አያውቅም።

ድንገት ስልኩ ከባልደረባው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ቀለም ቀቢው ከእግሩ ሥር መንቀጥቀጥ ተሰማው። "ማዞሩ መጣብኝ!" ብሎ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ቁልቁል ቢያይ የሚንቀጠቀጡት መሰላሉን የያዙት እጆች ናቸው።

"አንሳው እንጂ ወንድሜ፣ እኔ ደህና ነኝ።"

"ይጩህ!" አለ ባልደረባው፣ እንባውን በትከሻው እየጠረገ።

ቀለም ቀቢው ባለሙያዋን በዓይኑ ጠየቃት፤ ራሷን በእሺታ ስትነቀንቅለት፣ አራተኛውን ደረጃ ወጣ።