በቀጥታ ስርጭት የቆመው ፈረስ

ጋሽ መሳፍንት የዳንግላን ግብረ ገብ የሚጠብቁት በስልካቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየማታው ጋሪ ላይ ተቀምጠው፣ ከተማዋን እየዞሩ በፌስቡክ በቀጥታ ይናገራሉ። ፖለቲካው የተበላሸው ጠጅ ቤት ስለበዛ ነው ይላሉ። ልጅ አባቱን መስማት የተወውም በዚያው ምክንያት ነው። ማንም ሰው ሐሳቡን ያለ ፍርሃት ይናገር ይላሉ፤ የተቃወማቸውን ግን ወዲያው ከገጻቸው ያግዱታል።

ድምፃቸው እንዳይዘጋ ቅርንፉድ ያኝካሉ። ከባለጋሪዎች ሁሉ ቢሻውን የመረጡት ወሬ ስለማያበዛ ነው። ስርጭቱ ሲያልቅ ቤታቸው የሚያደርሳቸውም እሱ ነው።

አንድ ማታ ስለ ነፃ ንግግር ጀምረው ስርጭቱ ከወትሮው ረዘመባቸው። ፈረሱ ማንም ሳያዘው ወደ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጠጅ ቤት ታጠፈና ጓሮ በር ላይ ቀጥ አለ። ቢሻው ቢጎትተው፣ ቢለምነው፣ ወይ ፍንክች። ስልኩ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ።

«ይሄ ፈረስ እዚህ መቆም ከማን ተማረ?» አሉ ጋሽ መሳፍንት ወደ ስልኩ። «ሰካራም ባለጋሪ ልጆቻችንን አያመላልስም።»

ቢሻው ወርዶ ፈረሱን መግፋት ጀመረ። በማግስቱ ጋሽ መሳፍንት ቢሻው ከሥራ እንዲታገድ ለባለጋሪዎቹ ሽማግሌ ለአቶ ኪዳኑ አመለከቱ። ቢሻው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ፈረስ ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽም ስትጠየቅ ስለ ደንበኛዬ አልናገርም አለች፤ ይህም ቢሻውን ይበልጥ አስጠረጠረው።

አቶ ኪዳኑ ፈረሱ በሕዝብ ፊት እንዲፈተን ወሰኑ። ቢሻው ልጓሙን ያዘ። ጋሽ መሳፍንት ፍርዱን ለማሰራጨት ስልካቸውን ደግነው ከኋላ ተቀመጡ። ፈረሱ ጠጅ ቤቱ ሰፈር ሲደርስ ታጠፈ፣ ጓሮ በሩ ላይ ቆመ፣ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቅ ጀመር። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዳንዱ ለቢሻው ሚስት አዘነ።

«በቃ ቢሻው፣ ታግደሃል፤ ፈረሱን ከጋሪው ፍታው» አሉ አቶ ኪዳኑ።

«እሺ አባባ። ጋሼ ይውረዱልኝና አንዴ ባዶውን ነድቼ ልሰናበተው።»

ጋሽ መሳፍንት ስርጭት ላይ ነኝ ብለው እንቢ አሉ። አቶ ኪዳኑ የስንብት ነገር ሆዳቸውን አባባውና ራሳቸው ደግፈው አወረዷቸው።

ቢሻው ጋሪውን ወደ ዋናው መንገድ መልሶ፣ ከመጣበት ጀምሮ ብቻውን ነዳ።

ፈረሱ የወይዘሮ ዘውድነሽን በር ዞር ብሎም ሳያይ አለፈ።