የውጭ እጅ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ስንዴ የማይስማማቸውን ሰዎች የሚያስተናግዱት በመስታወት በተከለለ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ወይዘሮ ውባለም ይህን አይጠሉትም። ድሮ አስተናጋጁ «ንጹህ ጤፍ ነው» ብሎ ይምልላቸውና ሳምንት ሙሉ ሆዳቸውን ይዘው ይተኙ ነበር። አሁን ታመው አያውቁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ከቤት ውጭ ያጎረሳቸው ሰው የለም።

ዛሬ ልጃቸው ሕሊና ተመርቃለች። ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ እንደ እናቷ ንጹህ ጤፍ አዘዘች፤ እጇንም እስከ ክርኗ ታጥባ መጣች።

«እማዬ፣ ላጉርስሽ።»

«የውጭ እጅ አይገባም» አለ ጠረጴዛው በተገጠመለት ድምፅ ማጉያ። «መስታወቱን ከከፈቱ ለጤናዎ ኃላፊነት አንወስድም።»

«ማን ውሰድ አለህ?» አሉ ወይዘሮ ውባለም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጥፍርሽን አሳዪኝ። ዳቦ ነክተሻል?»

«ከነካሁ ሦስት ቀን ሆነኝ። የምርቃቴን ድፎ እንኳ ሌላ ሰው ነው የቆረሰልኝ።»

ወይዘሮ ውባለም መስታወቱን በገዛ እጃቸው ከፈቱና አፋቸውን አዘጋጁ። ሕሊና ጠቅልላ አጎረሰቻቸው።

ጠረጴዛው ማስጠንቀቂያውን ደገመ።

«አንቺም ድገሚኝ» አሉ፣ አፋቸው እንደሞላ።