የቱቦው አፍ

ዶርላ የበረዶ መሰርሰሪያውን ከኦርቪል እግር ሥር ወረወረችው።

«ከነገ ጀምሮ ዓሣ ካማረህ በረዶውን በዚህ ሰርስር!» አለችው።

ኦርቪል ባልዲው አጠገብ ተቀምጦ፣ መንጠቆውን እንደ ወትሮው የከተማው መብራት ኃይል ሙቅ ውሃ ወደ ሐይቁ በሚወርድበት ቱቦ አፍ ላይ ጥሎ ነበር። ሐይቁ በሙሉ በረዶ ሲሠራ እዚህ ብቻ ውሃው አይረጋም ነበር። ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ «የድንጋይ ከሰል ማመንጫው ይዘጋ፤ መብራታችን ከንፋስ ይምጣ!» እያለ የጮኸው ይኸው ሰው ነው። ስትሠራበት የኖረችውን የማመንጫውን የእንፋሎት ማሞቂያ ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ በገዛ እጇ ያጠፋችው ደግሞ እሷ ናት።

ኦርቪል ቀና ብሎ ጭስ አልባውን የማመንጫውን ጭስ ማውጫ አየ። ጓንቱን አውልቆ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረና ቶሎ አወጣው። አንጀቷ ቅቤ ሊጠጣ ሲል መሰርሰሪያውን አነሳ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ደህና ነው» አለ። «መቼም ከእንግዲህ ሥራ ፈት ነሽ። አንቺ ሰርስሪ፣ እኔ ላጥምድ።»

ዶርላ ባልዲውን በጫማዋ ጠለዘችው፤ በሕይወት የነበሩት ዓሦች ከነውሃቸው ሐይቁ ውስጥ ተደፉ። ከኋላቸው ያ ሁሉ ሐይቅ ነበረላቸው። እነሱ ግን ዞረው በቀጥታ ወደ ቱቦው ገሰገሱ፤ አፋቸውን ወደ ቀዝቃዛው ብረት አዙረው ይጠብቁ ጀመር።